«ኔትወርክ የለም» ሲባል ተከሳሹ ማነው?

በከተማችን አንድ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ ለማስፈጸም የሞከረ ሰው «ኔትወርክ የለም» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ የወጣባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፡፡ ቃሏ አጭር ብትሆንም ቢያንስ አምስት የተለያዩ ክሶችን አጭቃ ይዛለች፡፡ ከውጭ የሚገባው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፡፡ መስመሩ ደህና ሆኖ ራውተሩ ታሞ ሊሆን ይችላል፡፡ ራውተሩም ደህና ሆኖ ከኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው፣ ዋይፋዩን በየክፍሉ የሚያሠራጨውና ባለሙያዎች አክሰስ ፖይንት የሚሉት መሣሪያ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፡፡ እሱም ደህና ሆኖ ጣጣው ሠራተኛው የያዘው ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል፡፡ ሁሉም ጤነኛ ሆነው ደግሞ የሚፈለገው ድረ ገጽ ራሱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፡፡ እኛ ግን አምስቱንም በአንድ መዝገብ ጠቅልለን በመስመር አቅራቢው ላይ እንፈርዳለን፡፡

ነገሩ የቴክኒክ ብቻ ቢመስልም የገንዘብና የኃላፊነት ጥያቄ ነው፡፡ አንድ መካከለኛ ቢሮ ኢንተርኔት ሲያስገባ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወገኖች ጋር ይዋዋላል፡፡ አንዱ መስመሩን በወርኃዊ ክፍያ ያቀርባል፣ ሌላው መሣሪያውን ይሸጣል፣ ሦስተኛው ገመድ ዘርግቶ ይገጥማል፡፡ ችግር ሲመጣ ሦስቱም በየተራ መጥተው ጣታቸውን ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀስራሉ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ ብሎ የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ ግዴታው መኖሩን ውሉ ያሳያል እንበል፡፡ ከሦስቱ ውሎች የትኛው እንደተጣሰ ለይቶ መናገር ያልቻለ ደንበኛ ግን ሦስቱንም ክርክሮች ከመጀመሩ በፊት ይሸነፋል፡፡ ይህ ጸሐፊ በትምህርቱ የሕግ ሰው እንጂ የኮምፒዩተር መሐንዲስ አይደለም፡፡ ይሁንና የዋይፋይ ብልሽት ምርመራ ከሌላው ምርመራ ብዙ እንደማይርቅ፣ ማለትም ምስክር መለየት፣ ቃል መመዝገብና ያልተነካ ማስረጃ መያዝ እንደሚጠይቅ ለመረዳት ምሕንድስና መማር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፡፡

አንድ የማውቀው የሒሳብ ምርመራ ቢሮ ያጋጠመው ነገር ጉዳዩን በደንብ ያስረዳል፡፡ 22 ሠራተኞች አሉት፡፡ «ከ4 ሰዓት በኋላ ኢንተርኔት አይሠራም» የሚል አቤቱታ በየዕለቱ ይቀርባል፡፡ ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቷ ሙሉ ስለሆነች «ጋሼ፣ ሲግናሉ እኮ ሙሉ ነው፣ መስመሩ ነው የቀጠነው» ተባለና ሥራ አስኪያጁ ወርኃዊውን ጥቅል ወደ ከፍተኛው አሳደጉት፡፡ ለውጥ የለም፡፡ እንደገና አሳደጉት፡፡ አሁንም ለውጥ የለም፡፡ ቀጥሎ መሣሪያውን ለሸጠው ድርጅት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተጻፈ፡፡ ጸሐፊዋ «4 ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አዙራ ላከችው፡፡ ውጭ አገር የተቀመጠው ባለሙያ የመሣሪያውን መዝገብ ከሩቅ ከፍቶ የሌሊቱን 4 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑ ነው፣ መረመረና አንድም ሰው ባልነበረበት ሰዓት «አገልግሎቱ ጤናማ ነው» የሚል ምላሽ ጻፈ፡፡ ባለሙያው አልዋሸም፡፡ የተነገረውን ሰዓት ነው የመረመረው፡፡

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው አንድ ወጣት ገጣሚ ነበር፡፡ ያደረገው ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው፡፡ ሁሉም ሰው ነው የሚቸገረው ወይስ አንዳንዱ? ከጠዋት ጀምሮ የገቡትስ? መልሱ አስገራሚ ሆነ፡፡ ጠዋት የተገናኙት ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይሠራሉ፡፡ የሚቸገሩት አርፍደው የመጡት፣ ለሁለት ሦስት ቀን መስክ ቆይተው የተመለሱት ኦዲተሮችና በእንግዳ መቀበያው የተቀመጡ ደንበኞች ናቸው፡፡ ወጣቱ የአንዱን ኦዲተር ላፕቶፕ ከፍቶ የአይፒ አድራሻውን ሲያይ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ አገኘው፡፡ ይህ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው ቁጥር ነው፡፡ ሰውየው በር ላይ ቆሟል፣ በሩንም በደንብ ያያል፣ የመግቢያ ካርድ የሚሰጠው ግን የለም ማለት ነው፡፡

ምክንያቱ ቀላል ነበር፡፡ ራውተሩ ሲገጠም 50 አድራሻ ብቻ እንዲያድል፣ ያደለውንም ለ24 ሰዓት እንዲይዝ ተደርጓል፡፡ 22 ሠራተኛ በላፕቶፕና በስልክ 44 አድራሻ ይወስዳል፡፡ የቀሩት ስድስት ናቸው፡፡ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአሥር ደቂቃ ብቅ ብሎ የሄደ ደንበኛ ስልክ አድራሻውን እስከ ዛሬ ከሰዓት ይዞ ይቆያል፡፡ ከ3 ሰዓት ጀምሮ አዳዲስ ደንበኞች ሲጨመሩ 4 ሰዓት ላይ ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፡፡ በዚህ ላይ ከአንድሮይድ 10፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ማለት ነው፣ እና ከ2020ው የአይፎን 14ኛ ሥርዓት ወዲህ ስልኮች ለምሥጢራዊነት ሲሉ እውነተኛ መለያ ቁጥራቸውን ደብቀው በሌላ ቁጥር ስለሚገቡ፣ ያው አንድ ስልክ ቁጥሩን በለወጠ ጊዜ ራውተሩ እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረዋል፡፡ ወጣቱ የአድራሻውን ብዛት ወደ 200፣ የመያዣ ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት ለውጦ ወጣ፡፡ አሥር ደቂቃም አልፈጀበትም፡፡ ቢሮው ያን ጊዜ ለማያስፈልገው ጥቅል ሰባት ወር ከፍሏል፡፡

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያው ጥያቄ «ፍጥነቱ ስንት ነው?» የሚለው አይደለም፡፡ «ማን፣ የት፣ መቼ?» የሚለው ነው፡፡ ሰዓቱ ሲመዘገብ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፡፡ መሣሪያዎቹ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፡፡ የኛ የቀን 8 ሰዓት በእነሱ 14 ሰዓት ነው፡፡

ሁለተኛው እርምጃ ምስክሮቹን ለያይቶ መጠየቅ ነው፡፡ ሁለት ላፕቶፕ ይወሰድ፡፡ አንዱ በገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ይያያዝ፣ ሌላው ከሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ በዋይፋይ ይግባ፡፡ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ይላክ፡፡ ፒንግ «አለህ?» ብሎ ጠይቆ «አለሁ» የሚለው መልስ በስንት የሺህኛ ሰከንድ እንደተመለሰ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል፡፡ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በቤት ውስጥ ያለው ራውተር ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፡፡ ቀጥሎ ከውጭ ያለ የታወቀ ቁጥር ይጠየቃል፤ የጎግል 8.8.8.8 የተለመደ ነው፡፡ በመጨረሻም አንድ ድረ ገጽ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጠየቃል፡፡

መልሱ ራሱ ይናገራል፡፡ በገመድ የተያያዘው ላፕቶፕ ከራውተሩ አንድ የሺህኛ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ እየተመለሰለት፣ በዋይፋይ ያለው ግን አንዴ 5፣ አንዴ 300፣ አንዴ ጭራሽ መልስ የሚያጣ ከሆነ መስመር አቅራቢው በነፃ ይሰናበት፡፡ ጥፋቱ በአክሰስ ፖይንቱና በሠራተኛው መካከል ባለው አየር ውስጥ ነው፡፡ ሁለቱም ከራውተሩ በደንብ እየተመለሰላቸው 8.8.8.8 ላይ ሲደርሱ ሁለቱም የሚወድቁ ከሆነ ደግሞ የመስመሩ ባለቤት ይጠራ፡፡ ቁጥሩ እየመለሰ ስሙ ከጠፋ የተበላሸው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ መስመር ማስተካከያ የሚድን ነው፡፡ ዊንዶውስ ካልተነገረው በቀር አራት ጊዜ ብቻ ጠይቆ ያቆማል፡፡ አራት ምስክር አይበቃም፡፡ ቢያንስ መቶ ጊዜ፣ ያውም ችግሩ በሚታይበት ሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡

አየሩ ላይ የሚሆነውን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ አይጎዳም፡፡ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ተትተው የነበሩ ጥቂት የሬዲዮ ሞገዶችን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ፡፡ 2.4 ጊጋኸርዝ ከእነዚህ አንዱ ነበር፡፡ የዋይፋይ የመጀመሪያው ስታንዳርድ የወጣው በ1997 ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ መሣሪያ የሚሠራው በዚያው ሞገድ ላይ ነው፡፡ ለሕግ ሰው የሚጥመው የፈቃዱ ሁኔታ ነው፡፡ ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ ባለፈቃዶችን እንዳይረብሽ ይገደዳል፤ ከሌላው የሚመጣበትን ረብሻ ግን ችሎ መኖር አለበት፡፡ በዚህ አስተሳሰብ የጎረቤትዎ ዋይፋይ የእርስዎን ቢረብሽ «ሞገዴን ነካብኝ» ብለው ባለቤትነት የሚያነሱበት መሠረት አይኖርም፡፡ ሞገዱ የጋራ ግጦሽ ነው፡፡

በዚህ ግጦሽ ላይ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች አሉ፡፡ ቁጥራቸው ሲታይ አሥራ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥ ይመስላል፡፡ እውነቱ ሌላ ነው፡፡ በሁለት ተከታታይ ቻናሎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ ዋይፋይ የሚይዘው ስፋት ግን 20 ያህል ነው፡፡ ስለዚህ ሳይነካኩ መቀመጥ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፡፡ «ሁሉም 1 እና 6 ላይ ስለሆነ እኔ 3 ላይ ልሁን» የሚል ብልጥ ገጣሚ ሁለቱንም ይረብሻል፣ እሱም በሁለቱ ይረበሻል፡፡ በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ ስለሚደማመጡ ተራ ይጠባበቃሉ፡፡ በግማሽ የተደራረቡት ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፣ ጫጫታውን ብቻ ነው የሚሰማው፡፡ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ የሚመጣ መቆራረጥ ካለ ደግሞ ወደ ሻይ ክፍሉ መሄድ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፡፡

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በ5 ጊጋኸርዝም ስለሚሠሩ ቦታው ይሰፋል፤ ነገር ግን ይህ ሞገድ ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፡፡ በኛ ሕንፃዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት፣ የአሳንሰር ጉድጓድ፣ ግድግዳ የሞላ መስታወትና የውኃ ታንከር ሁሉም ሞገድ ይበላሉ ወይም ይመልሳሉ፡፡ ከሁሉም የከፋው ግን እኛው የፈጠርነው ነው፡፡ አክሰስ ፖይንቱ እንዳይሰረቅ ተብሎ በብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል! ንብረቱ አልተሰረቀም፤ አገልግሎቱ ግን ሳጥኑ ውስጥ ቀርቷል፡፡

የሞገዱን ጉልበት ለመለካት ስልክ ላይ የምትታየዋ ምልክት አትበቃም፡፡ ስንት መስመር መቼ እንደሚሞላ የሚወስነው እያንዳንዱ ስልክ አምራች ነውና፡፡ ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም ይባላል፤ ለአንድሮይድ ስልኮች በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ያሳዩታል፡፡ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፡፡ ከዜሮ በታች 40 በጣም ጥሩ ነው፤ ለድምፅና ለቪዲዮ ስብሰባ ከዜሮ በታች 67 ወይም ከዚያ የተሻለ እንዲሆን ይመከራል፤ ከዜሮ በታች 80 ላይ ብዙም ተስፋ የለም፡፡ መታወቅ ያለበት ነገር ልኬቱ እንደ ሜትር እኩል የሚሄድ አለመሆኑ ነው፡፡ በየ3 ቁጥሩ ጉልበቱ በግማሽ፣ በየ10 ቁጥሩ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፡፡ ከዜሮ በታች 50 ያለው ክፍልና ከዜሮ በታች 70 ያለው ክፍል በመቶ እጥፍ ይለያያሉ፡፡

ይህን የሰማ ሥራ አስኪያጅ «እንግዲያው የመሣሪያውን ጉልበት እስከ መጨረሻው ክፈቱት» ማለቱ አይቀርም፡፡ አይረዳም፡፡ ዋይፋይ ንግግር እንጂ ስብከት አይደለም፡፡ ከተራራው ማዶ በድምፅ ማጉያ የሚጣራውን ሰው ሁሉም ይሰማዋል፣ በባዶ ጉሮሮው የሚመልስለትን ግን እሱ አይሰማም፡፡ ስልኩ ምልክቱን ሙሉ አድርጎ እያሳየ መልእክቱ የማይሄደው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ጥፋተኛ አለ፤ ሩቅ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፡፡ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፡፡ 1500 ባይት የሆነ አንድ እሽግ በሴኮንድ 54 ሜጋቢት በሚልክ መሣሪያ አየሩን የሚይዘው ለ0.2 የሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው፡፡ ደካማው ላፕቶፕ በ1 ሜጋቢት ሲልከው 12 የሺህኛ ሰከንድ ይፈጃል፡፡ በስብሰባ ላይ ቃላቱን እየጎተተ የሚናገር ሰው የሁሉንም ጊዜ እንደሚበላው ነው፡፡ መፍትሔው ዝቅተኛዎቹን ፍጥነቶች ከመሣሪያው ላይ መዝጋትና ላፕቶፑን ወደ ገመድ ወይም ወደ ቅርብ ክፍል ማዛወር ነው፡፡

ገመድና ኤሌክትሪክም መረሳት የለባቸውም፡፡ ከራውተሩ ወደ አክሰስ ፖይንቱ የሚሄደው ገመድ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፡፡ በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ለማሳለፍ ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉ፡፡ አንዷ ሽቦ ጫፉ ላይ በደንብ ሳትነከስ ብትቀር ግንኙነቱ ወደ 100 ይወርድና ዝም ብሎ ይቀጥላል፡፡ የፍጥነት መለኪያው ምንጊዜም ከ94 ወይም 95 ሜጋቢት በላይ አልወጣም ካለ ገመዱ ይጠርጠር፡፡ በዚሁ ገመድ ላይ ኤሌክትሪክም የሚሄድ ከሆነ መጠኑ መታየት አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ስታንዳርድ ከመነሻው 15.4 ዋት ይሰጣል፤ በ2009 የወጣው ደግሞ 30 ዋት፡፡ ሁለተኛውን የሚፈልግ መሣሪያ የመጀመሪያው ላይ ሲሰካ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ሰው ሲበዛ የሚጠፋና የሚነሣ ሊሆን ይችላል፡፡

መብራት በሚቆራረጥበት አገር አንድ የሚጠቅም ምልክት ልጠቁም፡፡ ብዙዎቹ እነዚህ መሣሪያዎች ሰዓታቸውን የሚያቆይ ባትሪ የላቸውም፡፡ ጠፍተው ሲነሡ ከኢንተርኔት ትክክለኛውን ሰዓት እስኪያገኙ ድረስ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ይመስላቸዋል፡፡ መዝገቡ ላይ 1970 የሚል ቀን ያየ ሰው «ማስረጃው የተበላሸ ነው» ብሎ እንዳይጥለው፡፡ መሣሪያው የተነሣበት ማኅተም ነው፡፡ በሳምንት ውስጥ አሥር ጊዜ 1970 ከታየና መብራት የጠፋው ሁለቴ ከሆነ፣ ስምንቱን ጊዜ መሣሪያው በራሱ ወይም በደከመ ቻርጀሩ ምክንያት ወድቋል ማለት ነው፡፡

ይህን ስል ግን ብሔራዊ መድኃኒታችንን መንቀፌ ነው፤ አጥፍቶ ማብራትን፡፡ አንዳንዴ ይሠራል፣ አልክድም፡፡ ነገር ግን አብዛኛው አነስተኛ መሣሪያ መዝገቡን የሚይዘው በጊዜያዊ ማኅደር ስለሆነ ሲጠፋ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፡፡ የተፈጸመበትን ቦታ አጥቦ ፖሊስ እንደ መጥራት ያለ ነው፡፡ ከማጥፋት በፊት መዝገቡን መቅዳት፣ ቢያንስ መብራቶቹን በስልክ ፎቶ ማንሣት ሁለት ደቂቃ ነው፡፡ በመርፌ የሚነካው ቀዳዳ ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው፤ እሱ ሲጫን የተዋቀረው ሁሉ ተሰርዞ መሣሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፡፡ የጥበቃ ሠራተኛው በቅንነት ተጭኖት ቢሮ ሙሉ የቆመበትን ቀን የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም፡፡

በምርመራው ጥፋቱ የሌላ ወገን መሆኑ ከተለየ በኋላ ያለው መንገድ ለሕግ ሰው የታወቀ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 አንድ ተዋዋይ በሌላው አለመፈጸም ከመጠቀሙ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት ይናገራል፡፡ «ኔትወርካችሁ አስቸገረን» የሚል ደብዳቤ መልስ የሚያገኘው «እኛ ጋ ችግር የለም» በሚል ነው፡፡ በገመድ ከራውተሩ ላይ በእነዚህ ቀናት፣ በእነዚህ ሰዓታት መቶ ጊዜ ተጠይቆ ይህን ያህሉ መልስ አላገኘም፣ በዚያው ጊዜ የውስጡ ራውተር ሁሉንም መልሷል የሚል ደብዳቤ ግን ለማስተባበል አስቸጋሪ ነው፡፡ አዲስ ውል የሚዋዋሉ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ቢያስገቡ ይጠቀማሉ፡፡ ገጣሚው ሥራውን ሲያስረክብ በየክፍሉ የተለካውን ዲቢኤም በወረቀት እንዲሰጥ፤ የራውተሩንና የአክሰስ ፖይንቱን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም ፈርሞ እንዲያስረክብ፡፡ በብዙ ቢሮዎች ይህ የይለፍ ቃል ያለው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራውን ጨርሶ በሄደው ገጣሚ ስልክ ውስጥ ብቻ ነውና፣ እሱ ካልተገኘ ከላይ የዘረዘርኩት መዝገብ ሁሉ ሊከፈት አይችልም፡፡